የቁርያቆስ ጋን

ጋኑን ሰባት ጊዜ አጠብነው። ሰባቱንም በደብተሬ ጽፌያለሁ፤ በውሃ ምርመራ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ስለሠራሁ ያልተጻፈን እጥበት እንደታጠበ አልቆጥረውም። ሁለቱ በፈላ ውሃና በወይን ሐረግ አመድ፣ ሦስቱ በአሸዋና በደረቅ ሣር፣ ሁለቱ በንጹሕ ውሃ ብቻ። ከእያንዳንዱ በኋላ ግቢው ውስጥ በአፉ ደፍተን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አስመታነው።

ጋኑ የአማቴ የቁርያቆስ ነበር። ከስደት ወደ ሰሜን ኢራቅ ከተማችን ወደ ባቅዲዳ ስንመለስ ቤቱ ተቃጥሎ፣ ጣሪያው ወርዶ ጠበቀን። ጋኑ ግን ምድር ቤት ውስጥ እንደቆመ ነው። ቤቱን ይዘው የነበሩት ታጣቂዎች እስከ ወገቡ ናፍጣ ሞልተውበታል።

ቁርያቆስ አልተመለሱም። በተሰደድንባት ከተማ በአንካዋ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ በተተከለ ድንኳን ሞቱ። የመጨረሻ ቃላቸው ስለ ወይን ተክላቸው ነበር፤ ዳግመኛ ካፈራ ለሙት ዓመታቸው የሚጠጣው ከእርሱ ይሁን አሉ። ባለቤታቸው እማማ ሻሙኒ ደግሞ "በራስህ ጋን እጥልልሃለሁ" ብለው ቃል ገቡ። የተቃጠለው ተክል ከሥሩ አቆጥቁጦ በሦስተኛው ዓመት ሠላሳ አንድ ኪሎ ገደማ አንጠለጠለ። ሌላ የለንም። ከተበላሸ በዚህ ዓመት የሚተካው የለም።

በዚህ ቤት የጋንን ንጽሕና የምትወስነው አንዲት ሴት ናት። ጋኑ በድኝ ከታጠነ በኋላ ትልቋ ሴት እስከ ትከሻዋ ገብታ ታሸታለች። "ንጹሕ ነው" ካለች ከእርሷ በኋላ ማንም አፍንጫውን አያስገባም። ማስገባት እርሷን ሐሰተኛ ማለት ነው።

ሐሙስ ዕለት ድኙን አጨስን። እማማ ሻሙኒ ነጠላቸውን አጥብቀው ሲያጎነብሱ፣ የዕድሜ እኩያቸው ጎረቤታችን ዮሐና በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

"ሻሙኒ፣ ወይኑ እምቢ ካለሽ ጋኑን ለትራክተሬ ታከራይኛለሽ።"

"ትራክተርህ የጎደለው ናፍጣ አይደለም፤ ነጂ ነው" አሉት ከጋኑ ውስጥ።

ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ጥላሸት ነበር። "ንጹሕ ነው። ነገ ከሰዓት እንቆርጣለን።"

እኔ በልቤ ሌላ ነገር ይዤ ነበር። በፋሲካ ሰሞን እማማ ሻሙኒ ሩዙ አርሮ ሲሸት ሳያውቁት ሲያማስሉ አይቻለሁ። የጋዝ ምድጃው እያፈሰሰ አጠገቡ ሽንኩርት ሲከትፉም አግኝቻቸዋለሁ። ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሆነ አልጻፍኩትም። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ስትከር መዳፌን በጋኑ ሆድ ላይ፣ በውጭ በኩል አሳረፍኩ። ሸክላው አልቦት ነበር።

"ባህናም፣ እጄን አሽትት" አልኩት ባሌን።

አሸተተና ፊቱን ከናፍጣው ሽታ መለሰ። ከዚያ "እናቴ ንጹሕ ነው ብለዋል" አለኝ።

"እኔም አፍንጫዬን አላስገባሁም። ያሸተትከው እጄን ነው።"

"እንግዲያው አንቺ ንገሪያቸው። እኔ አልችልም፣ ናህሪን።"

ዓርብ ጠዋት ማንንም ሳልጠይቅ ጋኑን በፈላ ውሃ እስከ አፉ ሞላሁትና ፀሐይ ላይ ተውኩት። ቀትር ላይ ቅርጫቶቹን ደርድረው መቀስ ሲስሉ ወደነበሩት እማማ ሻሙኒ ሄድኩ።

"እማማ፣ አንድ ነገር ይዩልኝ።"

መጡ። በውሃው ላይ ስስ ሽፋን ተኝቶ፣ እንደ እርግብ አንገት ይለዋወጥ ነበር፤ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ወርቅማ። ጣታቸውን ነከሩ። ቀለሙ ተሰነጠቀና ተመልሶ ገጠመ።

ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

"ስለ አፍንጫዬ ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?"

"ከፋሲካ ወዲህ።"

"እኔ ከአንካዋ ጀምሮ ነው።" መቀሱን በጋኑ ከንፈር ላይ አስቀመጡ። "ቁርያቆስ የሞተ ለት ሸሚዙን አንስቼ አሸተትኩት። ምንም የለበትም። ታጥቦ ነው አልኩ። ማንም አላጠበውም ነበር።"



"ይህን ከተናገርኩ፣ በዚህ ቤት የኔ ሥራ ምንድን ነው ብዬ ፈራሁ" አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ሳይለውጡ "ውሃውን ወደ መንገዱ ድፉት። ወደ ተክሉ ሥር እንዳይሄድ" አሉ።

ዮሐና ከአጥሩ ማዶ ሁሉን ሰምቷል። በዚያ ቀን አልቀለደም። ከባህናም ጋር ተጋግዘው የራሱን ጋን አመጡልን፤ ከመሸሻችን በፊት ምስር ሞልቶ ጓሮው ውስጥ የቀበራት ነበረች።

"ከምስር ሌላ የገባባት የለም። ለእናንተ ትበቃለች" አለ።

የወይን ቆረጣውን በሁለት ቀን አዘገየን። ጋኒቱን በአመድ አንድ ጊዜ፣ በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አጠብናት፤ ሞልተንም አየን፣ ውሃው ቀለም አላወጣም። ድኝ አጨስንና ጭሱ እስኪለቅ ሙሉ ቀን ከፍተን ተውናት። የድኝ ሽታ ሌላውን ሽታ ስለሚሸፍን ጭሱ ሳይለቅ እንዳልቸኩል ሰግቼ ነበር፤ አልቸኮልኩም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እማማ ሻሙኒ ጋኒቱ አጠገብ ቆሙ። አላጎነበሱም። እጃቸውን ማጅራቴ ላይ አድርገው ወደ ታች ገፉኝ።

"አማቴም እኔን እንዲህ ነው ያደረጉኝ" አሉ።

ውስጧ ጨለማና ቀዝቃዛ ነበር። የራሴ ትንፋሽ ተመልሶ ፊቴን ነካኝ።

"ምን አለ?"

"ሸክላ። ትንሽ ድኝ።"

"ሌላስ?"

ትንፋሼን አውጥቼ እንደገና ሳብኩ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። እጃቸው ከማጅራቴ ላይ አልተነሣም።

"ሌላ የለም።"

"እንግዲህ ተናገሪው። እነሱም ይስሙ።"

ቀና ብዬ "ንጹሕ ነው" አልኩ። ከእኔ በኋላ ማንም አፍንጫውን አላስገባም።

ወይኑን ቆርጠን፣ ለቅመን፣ ረግጠን ስንጨርስ ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር። ባህናም ጭማቂውን በባልዲ እያመጣ ይገለብጥ ጀመር። እማማ ሻሙኒ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ወደ ጋኒቱ ሆድ አስጠግተው ያዳምጡ ነበር። በየባልዲው ድምፁ እየቀጠነ መጣ። እኔ የምለካበት እንጨት ይዤ ቆሜያለሁ፤ ገና አላስገባሁትም።

"ይበቃል" አሉ። "ለአረፋው ቦታ ተውለት።"

እንጨቱን አስገብቼ አየሁ። ከአፏ ለአረፋው የሚበቃ አንድ ስንዝር ጎድሏል፤ ልክ ነበሩ።