መፍቻ የያዘ መሪ

የምነዳት መኪና በር ላይ «ለአመራርና ለዘላቂ ልማት» ተብሎ በአረንጓዴ ተጽፏል። ከሥሩ ሁለት እጆች አንዲት ችግኝ አቅፈው ይታያሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይቺን ችግኝ ይዤ ዞሬያለሁ፤ አንዲት ቅጠል አልጨመረችም። ሌላው ድርጅት ጉድጓድ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ እኛ መሪ እናወጣለን። ሥራ አስኪያጃችን «ዘላቂ» ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ስለማይችል፣ እኔና የጽዳት ሠራተኛዋ «ዘላቂ» የሚል ስም አውጥተንለታል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ተጣልቼው እገላገል ነበር።

ነገሩ የጀመረው በእህቴ ሰፈር ፓምፕ ነው። እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ ከከተማ ወጣ ብላ ከሴት ልጇ ጋር ትኖራለች። ሰፈሩ ያለው አንድ የእጅ ፓምፕ ነው፤ እሱም ስምንት ወር ተበላሽቶ ቆሟል። የተበላሸው ጎሚኒው ነበር፤ ከውስጥ ሆኖ ውሃውን ስቦ የሚያወጣው ክብ ጎማ፣ መዳፍ የማያክል ነገር። የእትዬ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር። ሃያ ዓመት አጠገቡ ቁጭ ብላ ዕቃ ስታቀብለው ኖራ፣ ሲሞት መፍቻው ለእሷ ቀረ። ዓይኗን ጨፍና ትጠግነዋለች። ግን የፓምፑ ክዳን ተቆልፎ ቁልፉ የኮሚቴው ሊቀመንበር ኪስ ውስጥ ነው። የድርጅታችን ደንብ ደግሞ ሥልጠና ያልወሰደ ሰው ፓምፑን እንዳይነካ ይከለክላል።

«ታዲያ ለምን አትሠለጥንም?» ትሉኝ ይሆናል። ሥልጠናው ሦስት ሙሉ ቀን ነው፤ አንድ ሰዓት የቀረ ይሰረዛል። እትዬ ደግሞ ጠዋትም ማታም ወንዝ ናት። ሥልጠና መቀመጥ የሚችለው ውሃ የሚቀዳለት ሰው ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት አምስት ዙር አሠልጥነን፣ በሰፈሩ ውስጥ ጀሪካን ጨብጦ የማያውቀው ሰው ሁሉ መሪ ሆነ። ሊቀመንበር፣ ምክትል፣ የምክትሉ ምክትል፤ ሃምሳ አምስት ሰው ከነቲሸርቱ። መፍቻ የሚይዝ ግን አንድ እንኳ የለም።

አንድ ቀን እትዬን ወገቧን አሟት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ራጇን አየና «ከእንግዲህ ጀሪካን ከተሸከሙ ወገብዎ አይመለስም» አላት። «እሺ» አለችና በማግስቱ ወንዝ ወረደች። ምን ታድርግ? ልጇ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ባሏ ሥራ ፍለጋ ርቆ ሄዷል። እሷን ልትልካት ነው? በቀጥታ ዘላቂ ቢሮ ገባሁ።

«አለቃዬ፣ አንድ ጎሚኒ ነው የጎደላቸው። ከኪሴ ልግዛላቸው።»

«ጋሼ» አለኝ በሐዘኔታ፣ «ዛሬ ገዙላቸው እንበል፤ ነገስ? ዘላቂ ነው? የጎደላቸው እኮ ጎማ አይደለም፤ የባለቤትነት ስሜት ነው።»

«ውሃም ጎድሏቸዋል።»

«እሱ ምልክቱ ነው። ስድስተኛ ዙር ሥልጠና እናዘጋጃለን።»

ኧረ የአምላክ ያለህ! ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ግን አሰብኩበትና የእትዬን ስም መዝገቡ ላይ አስገባሁ። ሦስቱን ቀን እሷ ሥልጠና ስትቀመጥ፣ እኔ ከነችግኟ በድርጅቱ መኪና ጀሪካን አመላለስኩ። ክልክል ነው፤ አውቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ማብቂያ ላይ እትዬ እጇን አወጣች። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ።

«ልጄ፣ እንግዲህ ሠልጥኛለሁ። ቁልፉን ስጡኝና ልጠግነው።»

አሠልጣኙ ደስ አለው። «በጣም ጥሩ ተነሳሽነት ነው፣ እማማ! ግን ምን ብለን ነበር? መሪ ራሱ አይሠራም፤ ያሠራል።»

«ማንን ላሠራ?» ብላ ዞር ዞር አለች። አዳራሹ ሙሉ መሪ ነው። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። «እንግዲያው ልዘዝ» አለች። «ሊቀመንበር፣ ቁልፉን ወዲህ በል! አንተ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ ከመኪናህ አሮጌ የውስጥ ጎማ ፈልግልኝ።»

አሠልጣኙ ያስተማረውን መልሶ መከልከል አፈረ። እትዬ ጎማውን በቢላ ክብ አድርጋ ቆረጠች፣ መፍቻዋን አወጣች፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውሃው ፏ አለ። አልዋሻችሁም፣ አለቀስኩ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

የድርጅታችን ሪፖርት «የስድስት ዙር ተከታታይ ሥልጠና ፍሬ» የሚል ርዕስ ተሰጠው። ፎቶው ላይ ፓምፑን የሚገፋው ሊቀመንበሩ ነው። እትዬንም አልረሷትም፤ አርአያ መሪ ተብላ ከሁለት ወር በኋላ ትልቅ ጉባኤ ላይ እንድትናገር ተጠራች። ሦስት ሰዓት የሚያስነዳ ከተማ፣ ሆቴል፣ ሁለት ቀን።

«መፍቻውንም ይዘው ይምጡ፣ እማማ» አላት ዘላቂ። «ለመድረክ ያምራል።»

በሰፈሩ ያለው መፍቻ እሱ ብቻ እንደሆነ ማናችንም ትዝ አላለንም። እኔን ጨምሮ፤ እኔ ጅሉን ጨምሮ!

በሁለተኛው ቀን ከምሳ በፊት ልጇ ደወለች። አሮጌው ጎማ ተበልቷል፣ ውሃው ቆሟል። «አትጨነቂ እማዬ፣ እኔ ቀስ ብዬ ወንዝ እወርዳለሁ» አለቻትና ዘጋች። ልጅቷ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች።

እትዬ ወደ ዘላቂ ሄዳ «ልሂድ» አለችው።

«ተራዎ እኮ አሁን ነው፣ እማማ። ለአንድ ሰው ውክልና ይስጡና እዚያው ይፍቱት።»

ወደ መድረኩ ወጣች። መፍቻውን እንደያዘች ነው።

«እዚህ ቤት መሪ የሆነ እጁን ያውጣ» አለች። መቶ ሃያ እጅ ወጣ። «ጎሚኒ መቀየር የሚችልስ?» ሁሉም እጁን አወረደ። «እኔ ስለ አመራር ላወራ መጥቼ፣ ልጄ ከነሆዷ ወንዝ ወርዳለች። ደህና ዋሉ።»

ከዚያ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ቀጥሎም አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። የተዘጋጀ ማሳያ መስሏቸዋል። አንዲት ሴትዮ ንግግሩን ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ትልቅ ወረቀት ላይ ስትጽፍ አየኋት። እኔ የመውጫ ፈቃድ ሳላስፈርም መኪናውን አስነሳሁ።

ልጅቷን ያገኘናት ከወንዙ በሚመጣው ዳገት መሃል ነው። ጀሪካኑን አጠገቧ አስቀምጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታለከልካለች። መኪናው ቀጥ ብሎ ሳይቆም እትዬ ወረደች።

«ተይው፣ እኔ እይዘዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ማን ሰምቶኝ! ጀሪካኑን ብድግ አደረገችው፤ ሁለት እርምጃ ሄደችና እንደጎበጠች ቀረች። ቀና ማለት አቃታት። ተሸክሜ መኪናው ውስጥ አስገባኋት። ሐኪም ቤት ልወስዳት ስል «ፓምፑ ጋ!» አለችኝ። እንዲህ ስትል አይደፈርም።

ፓምፑ ጋ ሴቶቹ ባዶ ጀሪካናቸውን ደርድረው ቆመዋል። እትዬ ከመኪናው ወንበር ሳትነሳ መፍቻውን በመስኮቱ ለመጀመሪያዋ ሴት ሰጠቻት።

«ያዢ። ወደ ግራ አዙሪው። በርቺ፣ አይነክስሽም! አንቺ ደግሞ ከመኪናው የተረፈውን ጎማ ቁረጪ። ከተበላው ከአሮጌው ጎሚኒ ጋር እኩል አድርጊው።»

አንዷ ስትፈታ ሌላዋ ስታጠብቅ፣ ሁሉም በየተራ ሞከሩት። ሲመሽ ስምንት ሴቶች ጎሚኒ መቀየር ቻሉ። የልጅ ልጇም በሦስተኛው ቀን በሰላም ተወለደ።

ያለፈቃድ መኪና በመንዳቴ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ዘላቂ የሆነውን ሁሉ ጠየቀኝና ነገርኩት። ፊቱ በራ።

«አዩ ጋሼ! በመጨረሻ አሠራች እንጂ ራሷ አልሠራችም። አላልኩም?» አለና የስምንቱን ሴቶች ስም ተቀበለኝ። ሰባተኛ ዙር ሠልጣኞች ተብለው ገቡ። ሪፖርቱን እኔው ነኝ በመኪናዬ ያደረስኩት።

ፓምፑ ዛሬም ይሠራል። ክዳኑ ላይ ቁልፍ የለም። እትዬ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቀና ብላ ሄዳ አታውቅም፤ የልጅ ልጇን የምታቅፈው ተቀምጣ ነው። ሪፖርቱ ላይ ወገብ የሚገባበት ቦታ ይኖር ይሆን ብዬ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ፈልጌያለሁ። የለም።