ፊደል ያስቆጠረችው ጥንዚዛ

ይህ ታሪክ እውነት ነው። በአንኮበር ሚካኤል፣ ካስፈለገም በመድኃኔ ዓለም ጭምር፣ አንዲት ፍሬ ውሸት ከተገኘበት ያወራው ሰው ምላሱ ይታሰር። የማያምን ካለ ምስክሯ እነሆ፤ እማማ ወለተሐና እዚያ ጥግ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ ለየኔታ ውኃ የሚያደርሱት እሳቸው ነበሩ። ሲያበቃ ይጠየቁ። እስከዚያ ይፍተሉ።

የኔታ ዘርአ ዳዊት ከጎጃም የመጡ የፊደል መምህር ናቸው። በአንኮበር ዘመድ የላቸውም፤ ያላቸው ድምፅ ብቻ ነው። ግን ምን ያለ ድምፅ! ጠዋት «ሀ» ሲሉ ጣርማ በር ላይ ያለ በግ ቀና ብሎ ጆሮውን ያቆማል።

ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ሲዛወር ግን ከተማው አብሮ ተነሣ። ወታደሩም፣ ጠጅ ጣዩም፣ ኮርቻ ሰፊውም ልጁን ከፊቱ አፈናጥጦ ወጣ። የኔታ እንደ ልማዳቸው አጎዛውን ለተማሪዎቻቸው አንጥፈው ጠበቁ። ጉም መጣ። ሌላ የመጣ አልነበረም።

የደብሩ አለቃ ገብረመንፈስቅዱስ ይህን ሰምተው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«የኔታ፣ ተማሪ ለሌለው መምህር ድርጎ አይሰጥም። እስከ ጥምቀት ሕፃን ካልተገኘ ቤቱን ለሌላ እንሰጠዋለን። አገርዎ ይግቡ።»

«አገሬ የማውቃቸው ሁሉ አልቀዋል፣ አለቃ።»

«እንግዲያው ሕፃን ይፈልጉ።»

ረሀቡንስ የኔታ ለምደውታል። የፈሩት «ሀ» ብለው መልሶ «ሀ» የሚላቸው ሳያገኙ መሞትን ነው።

በከተማው የቀሩት የሸማኔና የሸክላ ሠሪ ልጆች ናቸው፤ ገና አራት አምስት ዓመት የሆናቸው፣ አፍንጫቸውን ሌላ ሰው የሚጠርግላቸው። እንዲህ ያለውን ሕፃን አጎዛ ላይ አስቀምጦ ማስተማር ጉምን በወንፊት መቅዳት ነው። የኔታ አሰቡ፤ አለንጋቸውን ምድጃ ውስጥ ጨመሩት፤ ከዚያ ከደጅ ድንጋይ ገልብጠው ጥንዚዛ አወጡና በፊደል ገበታው ላይ ለቀቋት። የቆመችበት ፊደል ይዜማል፤ ሕጉ ይኸው ነው። የዛሬዎቹን ጥንዚዛዎች አይታችሁ እንዳትገምቷት። እሷ ስትራመድ ገበታው ይንቋቋል። የአለቃ በቅሎ አንድ ቀን ብታያት ደነባ እስክትደርስ አልቆመችም።

ወሬው ሲወጣ ሕፃናቱ ጎረፉ። ሠላሳ ነበሩ፤ ምን ሠላሳ፣ ስልሳ ይሆናሉ። አጎዛው አልበቃ ብሎ አንዱ በአንዱ ጭን ላይ ተቀመጠ።

«የኔታ፣ ‹መ› ላይ ተኛች» አለች የሸማኔው ልጅ መነን።

«አልተኛችም፣ እያሰበች ነው። እናንተ አዚሙ።»

«ወልደ ሰንበት ነክቷት ነው የቆመችው። እሱ ከ‹መ› ሌላ አያውቅም።»

«ዋሾ። ‹ሙ›ንም አውቃለሁ» አለ ወልደ ሰንበት።

«እስቲ ‹ሙ› የትኛው ነው?»

«ያው ‹መ› ነዋ። እግር ያወጣው።»

የኔታ ይህን ሲሰሙ ሳቁን ዋጥ አድርገው አንድ ቅል አወጡ። በውስጡ ከወንዝ የተቀዱ፣ ጭራ ብቻ ያላቸው የእንቁራሪት ልጆች ይዋኛሉ። ሕፃናቱ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ እያሉ ያዩ ጀመር። አንዷ እግር ያወጣች ዕለት «‹ሙ› ሆነች» ብለው ቤቱን አናጉት።

«እግር ብታወጣም ያችው ናት፣ ልጆቼ» አሉ የኔታ።

ከዚያ ቀንድ አውጣ መጣች። የኔታ የመነንን ትንሽ እጅ ይዘው ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጉና በመዳፏ ላይ አኖሯት። «አትጨብጫት። ቀንዷን እስክታወጣ ጠብቂ» አሉ። ጠበቁ፤ ሁለቱም። ከጎጃም ከወጡ ጀምሮ የኔታ የሰው እጅ በእጃቸው ይዘው አያውቁም ነበር። ቀንድ አውጣዋ ቀንዷን ካወጣች በኋላም ወዲያው አልለቀቁትም።

በጥምቀት ዋዜማ አለቃ መጡ። በሩን ከፍተው ገቡ። ጥንዚዛዋ ማን እንደመጣ የገባት ይመስል ከ«ሀ» ተነሥታ አንድም ፊደል ሳትዘል ሄደች፤ ስልሳውም ሕፃን ተከትሏት አዜመ። ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የሰፈረ የንብ መንጋም ከሥር ዜማውን ያዘ። ድምፁ ገደሉን ወርዶ ቆላ ሲደርስ ግመል ነጂዎች ደብር የደረሱ መስሏቸው አማተቡ። ይህ አልተጋነነም፤ እንዲያውም ተቀንሷል።

አለቃ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «የእኔ ዲያቆን ይህን ያህል ለመድረስ ስንት ዘመን ፈጀ» አሉ። ከዚያም፣ «የኔታ፣ ይቆዩ። ቤቱ የርስዎ ነው።»

ታሪኩ ይኸው ነው። አይደለም እንዴ፣ እማማ?

እማማ ወለተሐና እንዝርቱን አቆሙ።

«ጥንዚዛዋስ ነበረች» አሉ።

«ሕፃናቱስ?»

«ሸማኔዎቹም ሸክላ ሠሪዎቹም ወደ እንጦጦ ሄደው ነበር። መነንም ሄዳለች። ገንቦዬን ይዤ ስደርስ የኔታ ጥንዚዛዋን ገበታው ላይ ለቀው ‹መ› ይላሉ። ቆየት ብለው ደግሞ ድምፃቸውን አቅጥነው ‹መ› ብለው ይመልሳሉ።»

«አለቃስ አልመጡም?»

«መጥተው ነበር። ከደጅ ቆመው ሰሙ፤ ሳይገቡ ተመለሱ። ድርጎውንም አላስቀሩባቸውም።»

እንዝርቱን መልሰው አሾሩት፤ ክሩ ትንሽ ረዘመ።

«እኔ ስገባ የኔታ ወደ አጎዛው ዞረው፣ ‹ለእኅታችሁ ቦታ ልቀቁላት› ይሉ ነበር» አሉ። «አጎዛው ላይ ማንም የለም።»