የአንድ ብር የስፌት መኪና

በ1979 ዓ.ም. ክረምት የጊንጪ ልብስ ሰፊዎች ማኅበር ከአምቦው ጋር ሊዋሃድ ተስማማ። የአካባቢው ተማሪዎች ዩኒፎርም ስፌት ለአንድ ማኅበር ብቻ እንደሚሰጥ ተነግሮን ነበር። እኛ ብቻችንን አንችለውም፤ አምቦዎችም አይችሉትም። እኔ በጊንጪው ማኅበር ሱሪ እሰፋ ነበር። የቁጥጥር ሥራውም የእኔ ነበር።

አምቦዎች ዕቃችንን ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። የነበሩን አምስት የስፌት መኪናዎች ናቸው፤ ሁሉም ያረጁ። ሊቀ መንበራችን ኦቦ ተሬፋ ጥቁር ቀለም ገዝቶ መጣ።

"ለማኞች መጡ እንዳይሉን" አለ።

ብረቱን በቤንዚን ጠርገን ቀባነው። የዋጋ ግምቱንም ራሳችን ጻፍነው፤ ለእያንዳንዱ መኪና የአዲስ ዋጋ ሰጠነው። እንዲህ ያደረግነው ለኩራት ብቻ አልነበረም። በአዲሱ ማኅበር ረቂቅ ደንብ ላይ አንድ አንቀጽ ነበር። ያመጣው መኪና ዋጋው ዝቅ ያለ ሰው በአባልነት አይገባም፤ በደመወዝ ይቀጠራል ይላል። ተቀጣሪ ደግሞ ዩኒፎርሙ ተሰፍቶ ሲያልቅ ይሰናበታል።

ይህ ነገር ከሁላችን ይልቅ ናፊሳን እንቅልፍ ነሳት። ባሏ ሞቶ ሦስት ልጆች በእሷ እጅ ናቸው። የሌሎቻችን ልጆች ራሳቸውን ችለዋል። ሥራው ወደ አምቦ ስለሚዛወር ቤቷን መልቀቅ አለባት።

"አባል ካልሆንኩ ልጆቼን ይዤ አልሄድም" አለችኝ። "ዩኒፎርሙ በጥር አልቆ አባረው ቢመልሱኝ የት እገባለሁ?"



አምቦዎቹ በገበያ ቀን መጡ። ሊቀ መንበራቸው ሁሴን ሸምገል ያለ ኮት ሰፊ ነው። ጂራ የሚባል ጎልማሳ አብሮት መጣ፤ አምና አዲስ መኪና ገዝቶ ወደ ማኅበራቸው የገባ ነው፤ አንቀጹንም ያስገባው እሱ ነበር። ሌሎች አባሎቻቸውም ነበሩ። ከግብር ቢሮ ዘነበወርቅ የምትባል ሠራተኛ መጣች።

ሁሴን መኪናዎቹን ዞሮ ተመለከተ።

"ኦቦ ተሬፋ፣ እነዚህ ትናንት ነው እንዴ ከፋብሪካ የወጡት?"

"እንክብካቤ ነው፣ ጋሼ ሁሴን።"

ዘነበወርቅ አንዱን ነካ አደረገችና ጣቷን ከፍ አድርጋ አሳየች። ጠቁሯል።

"እንክብካቤው ገና አልደረቀም" አለች። አምቦዎቹ ሳቁ። ተሬፋ ወደ መሬት አየ።

ከዚያ ተቀምጣ የሁለቱንም ማኅበራት የሒሳብ መዝገብ ገለጠች። አነጋገሯ የቁጣ አልነበረም።

"ጊንጪዎች በየዓመቱ 'መኪናችን አርጅቷል' ብላችሁ ከትርፋችሁ ላይ ቀንሳችኋል። የእርጅና ተቀናሽ ማለት ይኸው ነው። በእሱም ግብራችሁ ቀሎላችኋል። አሁን 'እንደ አዲስ ናቸው' ብላችሁ ካስተላለፋችሁ፣ ያ የቀነሳችሁት ሁሉ ትርፍ ሆኖ ይመለሳል፤ ግብር ይከፈልበታል።"

"ከየት አምጥተን?" አለ ተሬፋ።

"መኪናዎቹን ሸጣችሁ ካልሆነ አይታየኝም።"

"ሌላ መንገድ የለም?"

"አለ። አንዳችሁ ለሌላው ሳትሸጡ መኪናዎቹ ከነዕድሜያቸው ይሻገሩ። አዲሱ ማኅበር በመዝገብ በቀረው ዋጋቸው ይረከባቸዋል። ዛሬ የምትከፍሉት አይኖርም።"

"የቀራቸው ዋጋ ስንት ነው?" አለ ጂራ።

"አንድ አንድ ብር። ተቀንሶ ያለቀ ዕቃ እንዳይረሳ ብቻ አንድ ብር ይተውለታል።"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

"አንድ ብር!" አለ ጂራ። "መርፌው እንኳ ከዚያ ይበልጣል!"

እኔ ናፊሳን አይ ነበር። አልሳቀችም። ግምቱ ከጸና መኪናዋ ይሸጣል፤ ግምቱ ከተሰረዘ ደግሞ ከአባልነት ትወጣለች።  ከመካከላችን የተነሣችው ራሷ ናት።

"አንድ ብር ብለሽ ጻፊ፣ እህቴ" አለች ዘነበወርቅን። "ያረጀውን አዲስ ነው አልልም። ግን በዚህ በአንድ ብሩ ዘንድሮ የሰፋሁትን ልብስ ከተማው ለብሶታል። እኔን ከመኪናዬ ጋር አብራችሁ አትሰርዙኝ።"

"አዴ ናፊሳ፣ ማንም አልሰረዘሽም" አለ ጂራ። "ሥራ ይሰጥሻል። ግን እኔ አዲስ መኪና ይዤ፣ አንቺ በአንድ ብር እኩል እንካፈል ማለት ልክ ነው?"

"ልክ ነው!" አሉ ከአምቦዎቹ ሁለቱ። ማንን እንደደገፉ አልታወቀም።

ጂራ ወደ ዘነበወርቅ ዞረ። "ለመሆኑ የእኔስ መኪና ከነዕድሜው ነው የሚሻገረው?"

"የሁሉም።"

"በየዓመቱም ይቀነስለታል?"

"እስኪያልቅ ድረስ። አምና የተገዛ ስለሆነ አራት ዓመት ቀርቶታል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አንድ ብር።"

 ሁሴን መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠረገው። የእሱም መኪና ያረጀ ነው፤ ግን እስካሁን ስለዚያ አልተናገረም ነበር።

"እንግዲህ በዚህ አንቀጽ በየዓመቱ ከሄድን አስቡት" አለ። "ዘንድሮ ናፊሳን፣ ለከርሞ እኔን፣ ከአራት ዓመት በኋላ ጂራን ከአባልነት አውጥተን ልንቀጥር ነው። ወላሂ፣ በመጨረሻ አሠሪው ማን ሊሆን ነው?"

"አይዞህ ጂራ" አለች ናፊሳ። "ያኔ እኔ ከተቀጣሪዎቹ ጋር ከበሩ አጠገብ ወንበር እይዝልሃለሁ።"

በዚህኛው ሳቅ ጂራም ሳቀ። ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር።

"ያንን አንቀጽ ያስገባሁት እኔ ነኝ" አለ። "ይውጣ። ድርሻው በሰው ይሁን፤ ብዙ የሰፋ ብዙ ይከፈለው።"

ሁሴን የሚደግፍ እጁን ያውጣ አለ። የጂራ እጅ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። የተቃወመ አልነበረም። ተሬፋ የጻፍነውን ግምት ከፊታችን ቀደደው። ዘነበወርቅ አምስቱን መኪናዎች በአምስት ብር መዘገበች፤ እኔም በተቆጣጣሪነቴ ፈረምኩ።

ናፊሳ ግን አልተቀመጠችም።

"የዩኒፎርሙ ካኪ ጨርቅ መቼ ይመጣል?"

"ሰኞ" አለ ሁሴን።

"የአምቦ ትምህርት ቤት ምዝገባስ?"

"ዓርብ ይዘጋል" አለ ጂራ። "ነገ ጠዋት ልጆቹን ይዘሽ ነይ። የእህቴ ቤት ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፤ ቤት እስክታገኙ እዚያ ታርፋላችሁ።"

ጥቂት አየችው። ከዚያ ሻርፗን አጠበቀችና ዕቃዋን የምታስርበት ገመድ ልትገዛ ወደ ገበያው ወጣች።