አባ ከሰል «ሞተ» ያለው ሞተር

«ሰማይ ለወፍ ነው፣ አንቺ ልጅ» አለኝ አባቴ፣ የአውሮፕላን ሞተር ጥገና ሥራ የጀመርኩ ቀን። በቃ። ከዚያ ወዲህ ጤናዬን ይጠይቀኛል፣ የጥርሴን ሕመም ይጠይቀኛል፣ የጎረቤት ድመት ወለደች ወይ ብሎም ይጠይቀኛል፤ ስለ ሥራዬ ግን አንዲት ቃል ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እኔም የእሱ ልጅ ነኝና ካልጠየቅከኝ አልነግርህም ብዬ ዝም አልኩ። ከእልኸኛ የተወለደ ምን ሊሆን ኖሯል!

አባቴን ወደቡ ሁሉ «አባ ከሰል» ይለዋል። ዕድሜውን የጨረሰው በአንዲት የጦር መርከብ ሆድ ውስጥ፣ ለእንፋሎት ሞተሯ እሳት ሲያነድ ነው። ጆሮውን መርከቧ ወስዳበታለች፤ አጠገቡ ድንጋይ ቢፈነዳ አይሰማም። ግን ምን ቸገረው? እሳት ክፍል ውስጥ የኖረ ሰው ከንፈር ያነባል። እኛም ቤት ውስጥ ድምፅ ሳናወጣ ነው የምናዋራው፤ የሚጮኸው እሱ ብቻ ነው። እናቴ «እዚህ ቤት ምስጢር አያድርም፣ ጎረቤት ከኛ ቀድሞ ይሰማል» ትላለች።

እንግዲህ ያቺው የእሱ መርከብ አረጀች። ውሃ አፍልተው እንፋሎት የሚሰጧት ቦይለሮቿ አለቁ፣ አካሏ ግን ገና ጤነኛ ነው። አለቆች መከሩና ቆረጡ፦ ከአውሮፕላን የመጣ ሞተር ይገጠምላትና ትሞከር፤ የተባለውን ፍጥነት ካላመጣች ተቆራርጣ ለቁርጥራጭ ብረት ትሸጥ። ሞተሩን ለባሕር እንዲያስማማ የተላከው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔ!

አባቴ ይህን ሲያውቅ ወደቡን እየዞረ ሟርቱን ነዛው። «የአሞራ አንጀት ለዓሣ ነባሪ! ከወደቡ አፍ አታልፍም፣ አባ ከሰል ብሏል በሉ!» ደሜ ፈላ። ግን አንድ ቀን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የመርከቧን ፎቶ በመሐረቡ ሲወለውል አየሁትና አንጀቴን በላው። እሷን ከቆራረጧት እሱም እንደማይከርም አወቅሁ።

በሙከራው ቀን የምንነሣው ከሰዓት በኋላ ነበር። እሱ ገና ጎህ ሲቀድ አሮጌ ቱታውን ለብሶ፣ ምሳውን ቋጥሮ ከች አለ። የእንፋሎት ሰው እንደዚያ ነው፤ መርከብ ከሰዓት እንድትሄድ እሳቱ በጠዋት ይነዳል፣ ውሃው ቀስ ብሎ ይፈላል።

«ምን ተጎልታችሁ ታያላችሁ? መቼ ልታነዱ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«አባዬ፣ ይሄኛው ሻይህን ጠጥተህ ሳትጨርስ ይነሣል» አልኩት በከንፈሬ።

«ሂጂ ወዲያ!»

ይዤው ወረድኩ። ቦይለሮቹ የነበሩበት ቦታ ባዶ አዳራሽ ሆኗል። መሐሉ ላይ ሚኒባስ የምታህል የብረት ሳጥን ተቀምጣለች፤ ሞተሩ እዚያ ውስጥ ነው፣ በትንሽ መስኮት ይታያል። አባቴ ሳጥኗን ዞራት፤ ከኋላዋም አጎንብሶ አየ።

«ሌላውስ?»

«ሌላ የለም። ይኸው ነው።»

«ይቺ?» ብሎ እጁን በአፉ ጫነ።

«አየር እየዋጠች ነው የምትሠራው» አልኩት።

እውነቴን ነው፣ ስንት ዘመን ለምጄው እኔንም ገና ይገርመኛል። ይህ ሞተር ሰማይ ላይ አየር ይውጣል፣ ነዳጅ ጨምሮ ያጋየዋል፣ በኋላው ተፍቶ አውሮፕላኑን ይገፋል። እኛ ያንን የሚተፋውን የጋለ ነፋስ ሌላ መዘውር እንዲያዞር አደረግነው፤ መዘውሩ ዘንጉን ያዞራል፣ ዘንጉ ደግሞ ውሃ ውስጥ ሆኖ መርከቧን የሚገፋውን ፕሮፔለር። ያ ሁሉ የፈረስ ጉልበት በዚያች ሳጥን! ይህንንም ሰው ነው አስቦ የሠራው!

ተነሣን። የጆሮ መከላከያ አድርገን እንኳ ፉጨቱ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ምንም የማይሰማው አባቴ ብቻ ነበር። ካፒቴኑ ከላይ በጆሮ ማዳመጫዬ ጨምሪ አለኝ፤ ጨመርኩ። አሁንም ጨምሪ አለኝ። ፍጥነትና ሙቀት ከሚያሳዩት ጌጆች ዓይኔን ሳልነቅል ጨመርኩ።

ዞር ስል አባቴ ዘንጉ የሚያልፍበትን የብረት ቤት በመዳፉ ይዟል። የእንፋሎት ሰዎች ልማድ ነው፤ ሞተርን በመዳፍ ያዳምጣሉ። የድሮው ሞተር ፒስተኖቹ ግው ግው ሲሉ እጅን እስከ ክርን ይነርት ነበር። አሁን መዳፉን አሳርፎ ጠበቀ። ሌላ ቦታ አሳረፈው፤ ጠበቀ። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

መጥቶ ትከሻዬን ያዘ። ያ ጩኸታሙ አባቴ ድምፅ አላወጣም፤ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«ሞተብሽ፣ አይደል?»

ግራ ገብቶኝ አየሁት።

«አይዞሽ ልጄ። ያንቺ ጥፋት አይደለም። የኔ ሟርት ነው የገደለው፤ ይህን ምላሴን ይቁረጠው!» እንባው ወረደ። «አንቺ ጎበዝ ነሽ። ድሮም ጎበዝ ነበርሽ። እኔ ነኝ ሳልነግርሽ የቀረሁት።»

ያኔ ገባኝ። መዳፉ ግው ግው የሚል ነገር አላገኘም፤ ስለዚህ ሞቷል! ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ወዲያው እውነቱን ልነግረው ይገባ ነበር፤ ግን ስንት ዓመት የተራብኩትን ቃል እየሰማሁ በምን አንጀቴ ላቋርጠው? ተናግሮ እስኪወጣለት አቅፌው ቆየሁ። ከዚያ ጌጆቹን ለባልደረባዬ ትቼ፣ እጁን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ።

በሩን ስከፍት ነፋሱ ባርኔጣውን ነጥቆት ሄደ። ከኋላችን ባሕሩ ተሰንጥቆ ነጭ አረፋ ይቆለላል፤ ወደቡ ከዓይን ጠፍቷል። ጭስ የሚባል የለም፤ ከጭስ ማውጫው በላይ አየሩ ብቻ ይርገበገባል። ያቺ አሮጊት በወጣትነቷ ሮጣው የማታውቀውን ሩጫ ትሮጣለች። ካፒቴኑ ከላይ ሆኖ ሁለቱንም አውራ ጣቶቹን አሳየን፤ የተባለውን ፍጥነት አልፋለች፣ ከእንግዲህ ማንም አይቆራርጣትም።

አባቴ መደገፊያውን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ ቆመ።

«ማነው የሚገፋን?»

«ያ የሞተው።»

እኔን አየኝ፤ አረፋውን አየ፤ ተመልሶ እኔን አየኝ። «አቤት ፈጣሪዬ!» አለ። አንገቱን ነቀነቀ። ቆይቶ እፍረት ያዘውና፣

«ቅድም ታች ያልኩሽን ግን...»

«አንዴ ከአፍህ ወጥቷል አባዬ፣ አይመለስም!»

ሳቀ። አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና ከንፈሬን ለማንበብ ፊት ለፊቴ ቆመ።

«በይ ንገሪኝ እስቲ፣ ከመጀመሪያው። አየሩን ከዋጠው በኋላ ምን ያደርገዋል?»

መልስ ሳይጠብቅ ምሳውን ፈታ። ለሁለት ሰው ነበር የቋጠረው። እየበላን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት።