ከሥዕሉ የጎደለው ቤት

ጦርነቱ ካበቃ ወዲህ በእንግሊዝ አገር በኦርዌል ወንዝ አፍ ላይ ያለው መንደራችን በበጋ ሠዓሊ አጥቶ አያውቅም። አምብሮዝ ፔል ግን ከሁሉም ዓይን አፋሩ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ወንደላጤ ነው፤ በርጩማውን አሸዋ ላይ አስቀምጦ ዳርቻውንና የኦክ ዛፎቹን በውሃ ቀለም ሲስል ይውላል።

አንድ ቀን ዶርካስ ከኋላው መጥታ ቆመች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ በጀልባ ሰው የምታሻግረው እሷ ናት።

«አቶ ፔል፣ ቤቴ የታለ?»

«የቱ ቤት?»

«እዚያ ዛፎቹ ሥር። እርስዎ ቁጥቋጦ ያበቀሉበት።»

«ዓይን ይሰርቃል ብዬ ነው፣ እመቤት» አለ እየተሽኮረመመ። «ዳርቻውና ዛፉ ብቻቸውን ሲሆኑ ያምራሉ።»

«ባለርስቱ ስንት ዓመት ሊያስወጣኝ ሞክሮ አቃተው። እርስዎ በአንድ ጠዋት ጨረሱት።»

ወሬው ቢራ ቤት ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ያያት ሁሉ «ዶርካስ፣ የት ታድሪያለሽ?» ይላታል። «ቁጥቋጦ ውስጥ» ትላለች።

በሳምንቱ አምብሮዝ ደመናውን ሲስል ባሕሩ እንደ ዕለት ልማዱ ሞልቶ ወደ ዳርቻው መውጣቱን ልብ ሳይል ቀረ። ቀና ሲል ዙሪያው ውሃ ነው፤ አንድ ጫማው እየተንሳፈፈ ሄዷል። ሥዕሉን ከራሱ በላይ አንሥቶ ቆመ። እኛ ዶርካስን ጠራናት። ቀዝፋ ሄደች፣ አጠገቡ ስትደርስ ግን መቅዘፊያዋን አሳርፋ ተቀመጠች።

«ወዴት ላድርስዎ?»

«ቤትዎ እሳት አይጠፋም መቼም።»

«የምን ቤት?»

ውሃው ጉልበቱ ጋ ደርሷል። «እስለዋለሁ» አለ።

«ከነጭስ ማውጫው?»

«ከነጭስ ማውጫው።»

«እንግዲያ ይግቡ። ወረቀቱን ግን መጀመሪያ ያቀብሉኝ፤ እርስዎስ ይደርቃሉ።»

ያን ቀን ካልሲው ምድጃዋ ላይ ደረቀ፣ እሱም የዓሣ ሾርባዋን ጠጣ። በማግስቱ መስኮቶቹን በደንብ ሊያይ መጣ። በሦስተኛው ቀን የጣራውን ቀለም ሊያመሳክር። ቅጠል ረግፎ ሌሎቹ ሠዓሊዎች ወደ ለንደን ሲመለሱ እሱ ገና ጭስ ማውጫው አላለቀለትም ነበር።

«ጭሱ ነው ያስቸገረኝ፤ ይለዋወጣል» ይለናል።

«እሷም ቶሎ ቶሎ እንጨት ትጨምራለች» እንለዋለን።

ከገና በፊት ቄሱ የጋብቻቸውን ማስታወቂያ በቤተ ክርስቲያን አነበቡ። አምብሮዝ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ዶርካስ ፊት ለፊቷን ብቻ ታያለች። በሠርጉ ዕለት «ዛሬ እኔ ልቅዘፍ» ብሎ ድርቅ አለ። ጀልባዋ እዚያው በዚያው ትሽከረከር ጀመር። እኛ ከዳር ሆነን ምክር ስንወረውር፣ ዶርካስ በአዲሱ ባርኔጣዋ እጇን አጣጥፋ፣ የትም ለመድረስ እንደማይቸኩል ሰው ተቀምጣ ነበር።