የቡሬው ኮራጅ

ኢማድ ማሙሽ የሚባለውን የቡሬ ቪዲዮ ሠሪ በአካል አያውቀውም፤ ግን ይጠላዋል። ኢማድ መቱ ሆኖ አንድ ቪዲዮ በለጠፈ በሳምንቱ ማሙሽ ያንኑ ከነባርኔጣው፣ ከነአነጋገሩ አስመስሎ ይለጥፋል። ተመልካቹ ደግሞ የሚበዛው ለማሙሽ ነው።

"ይሄን እንኳ አይደፍረውም" ብሎ ኢማድ መቱ አጠገብ ወዳለችው ሁሩሙ ሄደ። ሰው በጨለማ የሚቆርጠውን ማር እሱ በጠራራ ፀሐይ፣ ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ሊቀርጽ ነው። ለካሜራው ብሎ አንገቱ ላይ ሽቶ ነፋና በገመድ ወጣ። ቀፎው አጠገብ ደርሶ ፈገግ እንዳለ ንቦቹ ፊቱን ሸፈኑት። የቀፎው ባለቤት ጋሼ ገዛኸኝ ጭስ ይዘው ባይደርሱለት ኖሮ ይወድቅ ነበር።

"በሽቶ ንብ ዘንድ ይኬዳል?" አሉት።

ዓይኑ አብጦ እንደተኛ ቪዲዮውን አቀናበረ። ንቦቹ የወረሩትንና የጮኸውን ቆርጦ ጣለው። የቀረው ሽቶ ሲነፋ፣ ሲወጣና ፈገግ ሲል ብቻ ነው። አገር ምድሩ አየለት።

ዛሬ ጠዋት ስልኩን ሲከፍት ማሙሽ በቀጥታ እያስተላለፈ ነው። ያው ባርኔጣ፣ ያው አነጋገር። ከትልቅ ዛፍ ሥር ብቻውን ቆሞ አንገቱ ላይ ሽቶ ይነፋል። አጠገቡ ጭስ የሚባል ነገር የለም።

ኢማድ "አትውጣ፣ ንቦቹ ይገድሉሃል፣ እኔንም ወረውኝ ነበር፣ ከቪዲዮው ቆርጬው ነው" ብሎ ጻፈ።

ማሙሽ አነበበውና ሳቀ።

"አያችሁ፣ ቀናብኝ" አለና ገመዱን ጨበጠ።