የጀማነሽ የመጨረሻ ምዕራፍ

ፍሬአብ ሁለት ልብ ወለድ ያሳተመ፣ በየመድረኩም «ሕዝባችን አያነብም» እያለ የሚያዝን ደራሲ ነበር። እሱ ራሱ አንድ መጽሐፍ ጀምሮ ከጨረሰ ዓመታት ማለፋቸውን ግን ከሚስቱ ከአምሳለ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሳሎናቸውን ግድግዳ የሞላው መደርደሪያ እንግዳ ያስፈራል። አቧራውን የምታራግፈው አምሳለ ግን አብዛኞቹ መጻሕፍት ገና እንዳልተገለጡ ታውቃለች።

አንድ ቀን ሩቲ የምትባል፣ ዩቲዩብ ላይ ደራስያንን የምታቀርብ ወጣት ካሜራዋን ይዛ ቤቱ መጣች። መደርደሪያውን ከጀርባው አድርጋ አስቀመጠችውና፣ «እሺ ጋሽ ፍሬአብ፣ ማለቴ፣ አሁን ምን እያነበቡ ነው?» አለችው።

ፍሬአብ ጠዋት ሲያነብ የነበረው የሁለት ደራስያንን የፌስቡክ ስድድብ ነው። ይህ ደግሞ አይባልም። ዓይኑ ሲንከራተት የወዳጁ የጀማነሽ አዲስ ልብ ወለድ ላይ አረፈ። ፈርማ ከሰጠችው ጀምሮ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ ከርሟል።

«የጀማነሽን ልብ ወለድ ትናንት ጨረስኩ» አለ። «በተለይ የመጨረሻው ምዕራፍ አስለቀሰኝ።» ድምፁን ትንሽ አንቀጠቀጠው። ያምርበታል።

ቪዲዮው በወጣ ማግስት ጀማነሽ ደወለች። ለምስጋና መስሎት ጉሮሮውን ጠርጎ አነሳው።

«ፍሬአብ፣ ያንተን ኮፒ ማንም እንዳይነካው» አለችው። «እስካሁን ባየሁት ኮፒ ሁሉ የመጨረሻው ምዕራፍ የለም። በቦታው ምዕራፍ ሦስት ተደግሞ ገብቷል። ስንቱ ‹ግሩም ነው› ብሎ ጻፈልኝ፣ አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም። እኔም ገልጬ ያየሁት ገና ከትናንት ወዲያ ነው። ማተሚያ ቤቱ ‹አንቺ ነሽ እንዲህ አድርገሽ የላክሽው› ይለኛል። የመጨረሻውን ምዕራፍ ካነበብክ ደህናው ያንተ ብቻ ነውና፣ እንዳሳያቸው ነገ ካዛንቺስ ይዘህልኝ ና።»

«እሺ» አላት። ስልኩን ዘግቶ መጽሐፉን ከኋላ ገለጠ። ምዕራፍ ሦስት ቁጭ ብሏል።

የሆነውን ለአምሳለ ሲነግራት እስኪበቃት ሳቀች። «በቃ አንብበው» አለችው። «መዋረድህ ካልቀረ አንብበህ ተዋረድ።» ስልኩንም ወስዳ ደበቀችበት።

መጀመሪያ ላይ እጁ በየገጹ ስልኩን ሲፈልግ ቆየ። መሃል ሲደርስ ግን ስልኩንም ሐፍረቱንም ረሳ። ታሪኩ ቂርቆስ ያለው ቤታቸው ሲፈርስ ተኳርፈው ስለተለያዩ ሁለት እህትማማቾች ነው። ታላቂቱ ታናሿን ፈልጋ ፈልጋ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር አንድ በር ላይ ደርሳ ስታንኳኳ ምዕራፍ ሦስት ተጀመረ። ፍሬአብ መጽሐፉን ሊወረውረው ምንም አልቀረው።

በማግስቱ ካዛንቺስ፣ አዲሱ ሰፊ መንገድ ዳር ካለ ካፌ ተገናኙ። ጀማነሽ መጽሐፉን ተቀብላ ገለጠችው። እዚያም ያው ምዕራፍ ሦስት ነው።

«ሳላነብ ነው የቀባጠርኩት» አላት። «ትናንት ግን አነበብኩት። በሩ እስኪንኳኳ ድረስ። ማን ከፈተላት?»

ጀማነሽ ማኪያቶዋን እያማሰለች ትኩር ብላ አየችው። ልትሰድበው ይሁን ልትስቅበት አልለየለትም። በመጨረሻ ምዕራፉን ከስልኳ ላይ ፈልጋ አወጣችና ገፋችለት። «እንካ። እዚሁ፣ እያየሁህ አንብብ።»

አነበበ። እንባ የሚባል ነገር አልመጣም።

«እህስ?» አለችው።

ዕድሜ ልኩን የለመደው «ግሩም ነው» ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። «ቸኩለሻል» አላት። «ያን ሁሉ ዘመን የተቀየመች ልጅ በሩን ከፍታ ወዲያው ይቅር ትላለች? እኔ ብሆን ደጅ ላይ አቆማታለሁ።»

የጀማነሽ ፊት ተለዋወጠ። «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ» ብላ ስልኳን ቀማችውና ራሷ ታነበው ጀመር። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ቀና ሳትል፣ «ያው እንደገና መታተሙ አይቀርም» አለች። «ደጅ ላይ አቁማ ምን ትላታለች?»

ፍሬአብ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።